ካኪ የቀለም ስም ነው ወይስ የጨርቅ?

ጠያቂያችን አፈር መሳይ ሱሪ ለማሰፋት ደብረ ብርሃን ገበያ ወርደው፣ ልብስ ሰፊው «ሰማያዊ ካኪም አለኝ» ሲላቸው ግራ እንደተጋቡ ጽፈዋል። እኔም በዚሁ ከተማ በስፌት ሥራ ለረጅም ጊዜ የቆየሁ ነኝና ሰፊው ትክክል መሆኑን ላስረዳ።

በእኛ ሙያ ካኪ የምንለው ከጥጥ ክር በሰያፍ የተሸመነ፣ ወፈርና ጠበቅ ያለ ጨርቅ ነው። ስለዚህ የዘበኛው አረንጓዴ ልብስም ሆነ የጋራዥ ሠራተኛው ሰማያዊ ቱታ ካኪ ሊሆን ይችላል። የቃሉ ጥንተ ነገር ግን ቀለም ነው፤ በፋርስ ቋንቋ «ኻክ» ማለት አፈር፣ አቧራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጨረሻ በፔሻዋር በኩል በእንግሊዞች የሚታዘዝ ጦር አቧራ መሳይ ልብስ ከለበሰ ወዲህ ስሙ ከወታደር ልብስ ጋር ተዛመተ፣ ከቀለሙም ወደ ጨርቁ ተሻገረ። ካኪ ፖስታ ስንል ግን ዛሬም ቀለሙን ማለታችን ነው።

ጨርቁን ለመለየት አሸማመኑን ማየት ይበቃል። በአቡጀዲ ማጉ (አግድም የሚገባው ክር) አንዱን ድር (በቁመት የተዘረጋውን ክር) በላይ፣ ቀጣዩን በታች እያለ ይሄዳል። በካኪ ግን አንዱን ድር በላይ ካለፈ በኋላ በሁለት ወይም በሦስት ድሮች ሥር ይገባል፤ በሚቀጥለው ረድፍ ደግሞ ይኸው አካሄድ በአንድ ድር ፈቀቅ ስለሚል በጨርቁ ፊት ላይ ሰያፍ መስመር ይወጣል። ክሮቹ ቶሎ ቶሎ ስለማይጠላለፉ ተጠጋግተው ይገባሉ፣ ጨርቁም ይጠብቃል፤ ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው መንገድ ያለውን የጣርማ በርን ንፋስ ለሚያውቅ ሰው የካኪ ኮት ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ጅንስም አሸማመኑ ይኸው ነው፤ ድሩ ሰማያዊ፣ ማጉ ነጭ ስለሆነ ብቻ ይለያል።

እኔን የሚያሳስበኝ ቴትሮን (ሰው ሠራሽ የፖሊስተር ጨርቅ) ወይም ከጥጥ ጋር የተቀላቀለበት ቅይጥ ጨርቅ በቀለሙ ብቻ ካኪ ተብሎ ሲሸጥ ነው። ከጣቃው ጠርዝ አንድ ክር መዘው በክብሪት ያቃጥሉት፤ ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ ሲነኩትም የሚበተን አመድ ይተዋል፤ ቴትሮን ግን ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ቅይጡ ቶሎ ይደርቃል፣ እምብዛም አይጨማደድም፤ ስለዚህ ለቢሮ ልብስ አልነቅፈውም። እሳት ዳር ለሚውል ወይም ብረት ለሚበይድ ሰው ግን ቀልጦ ቆዳ ላይ ስለሚጣበቅ አደገኛ ነው፤ እንዲህ ላለ ደንበኛ ንጹሕ ጥጥ ካልሆነ አልሰፋም።

ሲያዙም «የጥጥ ካኪ» ካሉ በኋላ ቀለሙን ለብቻው ይናገሩ። ጥጥ ውሃ ሲነካው ስለሚሰበሰብ፣ ሰፊው ከመቁረጡ በፊት ጨርቁን ነክሮ እንዲያደርቀው ይጠይቁት፤ አለዚያ ሱሪው ከመጀመሪያው አጠባ በኋላ ከቁርጭምጭሚት በላይ ይቀራል።