ስለ ዌብሊው ሽጉጥ፦ ጥይቱ ገባ ማለት ይተኮስበታል ማለት አይደለም

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። እ.ኤ.አ. በ1915 ሥራ ላይ የዋለውን የእንግሊዝ ሠራዊት ሽጉጥ፣ ዌብሊ ማርክ 6 ሪቮልቨርን ልትገዛ አስበሃል። ሻጩ ሲሊንደሩ፣ ማለትም ጥይቶቹን የሚይዘው ተሽከርካሪ ክፍል፣ «ተስተካክሎ» 45 ኤሲፒ የተባለውን የአሜሪካ ሽጉጥ ጥይት እንደሚተኩስ ነግሮሃል። አንተም ለስብስብ ይሆናል ወይ፣ ያለ ስጋትስ ልተኩስበት እችላለሁ ወይ ብለሃል። ልክ እንዲህ ያለውን ሽጉጥ ገዝቼ በገዛ እጄ ስላበላሸሁት መልሴ ትንሽ ይረዝማል።

ሻጩ «ተስተካከለ» የሚለው ነገር በቀጥታ አነጋገር ተላጠ ማለት ነው። ማርክ 6 የተሠራው 455 ለተባለው የእንግሊዝ ጥይት ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእንግሊዝ ሠራዊት ያስወገዳቸው ሽጉጦች በብዛት አሜሪካ ሲገቡ ጥይታቸው እንደ ልብ አይገኝም ነበር፤ 45 ኤሲፒ ግን ሞልቶ ተርፏል። ስለዚህ የሲሊንደሩን የኋላ ፊት በማሽን ላጡት። አሁን ጥይቶቹ የጨረቃ ቅርጽ ባለው ስስ ብረት ተይዘው ልክክ ብለው ይገባሉ። ሰውን የሚያሳስተውም ይኸው መግባታቸው ነው።

ችግሩ ያለው ግፊቱ ላይ ነው። የ455 ጥይት 17 ግራም የሚመዝን ለስላሳ እርሳስ በሰከንድ 180 ሜትር ገደማ ይወረውራል፤ የግፊቱም ጣሪያ በካሬ ኢንች 13,000 ፓውንድ አካባቢ ነው። የ45 ኤሲፒ ጣሪያ 21,000 ነው። በዚያ ላይ በብዙ ዌብሊዎች የሲሊንደሩ ቀዳዳ አፍ ከአፈሙዙ ይጠብባል። የጥንቱ አረር ከበስተኋላው ጎድጓዳ ስለሆነ በጠባቡ አልፎ አፈሙዙ ውስጥ በጋዙ ይነፋና አረሩን የሚያሽከረክረውን ጠመዝማዛ ቦይ ይሞላል። መዳብ የለበሰው ጠንካራ አረር ይህን አያደርግም፤ ጠባቡን በጉልበት ጥሶ ያልፋል።

የእኔ ሽጉጥ አልፈነዳም። በመጀመሪያው ቀን በደንብ ተኮሰ፣ ዒላማውንም መታ፤ ያዘናጋኝ ይህ ነበር። ሁለት መቶ ያህል ከተኮስኩ በኋላ ዌብሊ ጥይት ለመሙላት መሃሉ ላይ ስለሚታጠፍ ከላይ የሚዘጋው መቆለፊያ መላላት ጀመረ። ሲሊንደሩን የሚይዙት ጎድጎዶች ጠርዛቸው ተደቁሶ ምላጩ ተስቦ እያለ እንኳ ሲሊንደሩ ይወዛወዝ ነበር። ጠጋኙ አይቶት ራሱን ነቀነቀ። ከአንድ ጦርነት የተረፈ ብረት በእኔ ችኮላ መጎዳቱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት ሽጉጡን ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጥና አፈሙዙን በአንድ እጅ፣ እጀታውን በሌላው ይዘህ ወዝውዘው። ማጠፊያው ላይ ወይም መቆለፊያው ላይ ጨዋታ ከተሰማህ ተወው። ምላጩን ስበህ፣ መምቻውን በአውራ ጣትህ ቀስ ብለህ አውርደህ፣ ምላጩን ሳትለቅ ሲሊንደሩን ነካ ነካ አድርገው፤ መንቀሳቀስ የለበትም ማለት ይቻላል። አፈሙዙ ውስጥ ብርሃን አብራ። ጥቁር ቀለበት ካየህ አረር ተቀርቅሮበት በላዩ ተተኩሷል ማለት ሊሆን ይችላል። ሌላው ለሰብሳቢ ነው፦ በአካሉ፣ በአፈሙዙና በሲሊንደሩ ላይ ያሉት ቁጥሮች አንድ መሆናቸውን እይ። የፊደሎቹ ጠርዝ ከሟሸሸና የብሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ከጎደጎደ ሽጉጡ ተሞርዶ እንደገና ቀለም ተነክሯል። ያረጀ የመጀመሪያ ቀለም ከሚያብለጨልጭ አዲስ ቀለም ይበልጣል፤ በዚህ ከማንም ጋር ለመከራከር ዝግጁ ነኝ።

የተላጠ ሲሊንደር ወደ ነበረበት አይመለስም፤ ስለዚህ በስብስብ ዋጋ አትግዛው። መካኒኩ ጤነኛ ከሆነ ግን ይተኮስበታል። ጥይት የሚሞላ ልምድ ያለው ሰው በ45 ኤሲፒ ቀለህ ወይም ከንፈሩ ወፈር ባለው የ45 አውቶ ሪም ቀለህ፣ ለስላሳ እርሳስ አድርጎ፣ ግፊቱን በ455 ልክ ይሙላልህ። ያን ጊዜ የዌብሊን እውነተኛ ጠባይ ታገኘዋለህ፦ እጅን አይመታም፣ በዝግታ ይገፋል።

ጥይት የሚሞላልህ ሰው ከሌለ ለመተኮሻ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሚሊተሪ ኤንድ ፖሊስን እመርጥልሃለሁ። ከ1899 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራ የአሜሪካ ሪቮልቨር ነው፤ 38 ስፔሻል ለተባለው ጥይት የተሠራውን ከገዛህ ጥይቱን ማግኘት አያስቸግርም። እዚያም ቢሆን ለእንግሊዝ ሠራዊት 38/200 ለተባለው አጠር ያለ ጥይት ተሠርተው ኋላ ለ38 ስፔሻል የተቦረቦሩ አሉ። የነዚህ ቀዳዳ ስለሚሰፋ ቀለሁ ያብጣል፣ አንዳንዴም ይሰነጠቃል። አፈሙዙ ላይ የተጻፈውን ብቻ አትመን፤ የተተኮሰ ቀለህ አውጥተህ እይ።

ሻጩን የሲሊንደሩን የኋላ ፊት በቅርበት ፎቶ እንዲያነሳልህ ጠይቀውና እዚህ ለጥፈው፤ ጎድጎዶቹን አብረን እናያለን። እስከዚያ ቀብድ አትስጥ።