«ጎ» ለምን «ጎድ» አይሆንም? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ማታ ማታ እንግሊዝኛ የማስተምራቸው ሰዎች ጥያቄ አጠራቀሙብኝ። ዛሬ ክፍሉን ለጥያቄ ብቻ ከፈትኩት። ይኸው።

ጥያቄ፦ መጨረሻው ላይ የኃላፊ ጊዜ ምልክት የሆነውን ኢዲ ጨምሮ መገላገል ሲቻል «ጎ» (መሄድ) ወደ ትናንት ሲሄድ ለምን «ዌንት» ይሆናል? ማን ነው ያጣመመው?

መልስ፦ ማንም አላጣመመውም። «ዌንት» የሌላ ግስ ነበር። ማምራት፣ መሄድ የሚል ትርጉም ያለው «ዌንድ» የሚባል ግስ አለ፤ «ጎ» የሱን ኃላፊ ጊዜ ወስዶ የራሱ አደረገው። ለኛ እኮ ይሄ ብርቅ አይደለም። «መጣ» ስለምንል ልጅ ስንጠራ «ምጣ» እንላለን እንዴ? «ና» ነው የምንለው። «ነው»ም ወደ ትናንት ሲሄድ «ነበር» ይሆናል። ቁጭ ብሎ ያጠናው የለም፤ ከጠዋት እስከ ማታ ስለምንለው አፋችን ላይ ቀረ።

እንግሊዝኛም እንደዚያው ነው። ካፈነገጡት ግሶች ብዙዎቹ ሰው በየሰዓቱ የሚላቸው ናቸው፦ መሄድ፣ መብላት፣ ማየት፣ መስጠት። ከሕግ ውጭ የነበሩ ሌሎች ግን ቀስ በቀስ ገብተዋል። የ«ሄልፕ» (መርዳት) ኃላፊ ጊዜ ድሮ «ሆልፕ» ነበር፤ ዛሬ ኢዲ ይወስዳል። አዲስ የሚወለዱትማ ከነጭራሹ አያስቸግሩም፤ «ጉግል» ወዲያው «ጉግልድ» ሆነ።

ጥያቄ፦ ያፈነገጡትን ግሶች ዝርዝር ሦስት ጊዜ ሸምድጄ ሦስት ጊዜ ረሳሁት።

መልስ፦ በፊደል ተራ ስለሸመደድከው ነዋ! በዜማ ሰብስበው። «ሲንግ፣ ሳንግ፣ ሰንግ» እና «ድሪንክ፣ ድራንክ፣ ድረንክ» የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። «ኪፕ፣ ኬፕት» ከ«ስሊፕ፣ ስሌፕት» ጋር ይሄዳል። «ፑት» እና «ከት» ንቅንቅ አይሉም። «ሪድ» ተንኮለኛ ነው፤ ሲጻፍ አይለወጥም፣ ኃላፊ ሲሆን ግን «ሬድ» ተብሎ ይነበባል። አንዲት ተማሪዬ በየሳምንቱ አምስት ግስ ፍሪጇ ላይ ትለጥፋለች። እንቁላል ስታወጣ «ቴክ፣ ቱክ፣ ቴክን» እያለች ነው።

ጥያቄ፦ «ዲድ ዩ ዌንት» ስል ለምን ይሳቅብኛል?

መልስ፦ «ዲድ» ኃላፊውን ጊዜ ተሸክሞልሃል። ሁለቴ አትክፈል። «ዲድ ዩ ጎ» በቃ።

ጥያቄ፦ ልጄ ፈተና ላይ አነጻጻሪና ተለዋጭ ዘይቤ ተምታተውባት መጣች። በምን ትለያቸው?

መልስ፦ በ«እንደ»። «እንደ አንበሳ ደፋር ነው» ካልሽ አነጻጻሪ ነው፤ «አንበሳ ነው» ካልሽ ተለዋጭ። በእንግሊዝኛ የ«እንደ»ን ሥራ «ላይክ» እና «አዝ … አዝ» ይሠሩታል። ግን «ላይክ» ባየች ቁጥር አትክበብ፤ «አይ ላይክ ኮፊ» ማለት ቡና እወዳለሁ እንጂ ሌላ አይደለም።

ጥያቄ፦ የኛን ንጽጽር ቃል በቃል ብንወስደውስ?

መልስ፦ አንዳንዱ ያልፋል። «እንደ ላባ ቀላል» እነሱም ጋ አለ። በቅሎ ላይ ግን አንግባባም። እነሱ ግትር ሰውን «እንደ በቅሎ ግትር» ይሉታል። እኛ ዘንድ በቅሎ የክብር መጓጓዣ ናት፤ ቢተረትባትም አባቷን ሲጠይቋት ፈረስን ስለምትጠራ ነው። በጭንቅ ሰዓት የማይደናገጥን ሰው ደግሞ «እንደ ኪያር የቀዘቀዘ» ይሉታል። ይህን በአማርኛ ብትለው ሰላጣ ያዘዝክ ነው የሚመስለው።

ጥያቄ፦ «እንደ ሌሊት ወፍ ዕውር» ይላሉ። እውነት አታይም?

መልስ፦ ኧረ ታያለች! ብዙዎቹ ዝርያዎች ደግሞ በጨለማ የገዛ ድምፃቸውን ማሚቶ እየሰሙ ነፍሳት ያድናሉ። ስሟን ያጠፉት እንግሊዞቹ ናቸው።