ኢኢጂ ያስተማረችሽን ለሽልማት ስትጠቁሚ፦ ደብዳቤውን ለቢሮ አትተዪ

እህቴ፣ «ኢኢጂ (የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚቀርጸውን ምርመራ) ያስተማረችኝን ሲኒየር ቴክ (ነባር የምርመራ ባለሙያ) ለምርጥ አሠልጣኝ ሽልማት ልጠቁማት ነው፤ ምን ብዬ ልጻፍ?» ላልሽው፣ እዚሁ አሜሪካ የራሴን አስተማሪ ጠቁሜ ያየሁትን ልንገርሽ።

1. «ደግ ናት፣ ታጋሽ ናት» የሚለውን ተዪው፤ ሁሉም የሚጽፈው እሱን ነው። እጅሽን ይዛ ያስተማረችሽን ጻፊ። እኔ የጻፍኩት ስለ ሹሩባ ነው። ጀማሪ ሳለሁ አንዲት ሐበሻ እናት ጥብቅ ያለ ሹሩባ ተሠርተው መጡ። ተረኛው «ካልተፈታ አልሠራም» ብሎ ድርቅ አለ። አስተማሪዬ ምንም ሳይሉ ሜትሩን አነሡ። ከአፍንጫቸው መነሻ (ከዓይኖቻቸው መሐል ካለው ጎድጓዳ) እስከ ማጅራታቸው ጉብታ 36 ሴንቲ ሜትር፤ 10 በመቶው 3.6፣ 20 በመቶው 7.2 እያሉ የኤሌክትሮዶቹን (ሞገዱን ከራስ ቆዳ ላይ የሚቀበሉትን ትንንሽ የብረት ሳህኖች) ቦታ በቀይ እርሳስ ምልክት አደረጉ። ከዚያ ጉንጉኑን በማበጠሪያ ጭራ ገፋ እያደረጉ፣ በመሐል የሚታየውን ቆዳ በጥጥ ፈትገው ኤሌክትሮዶቹን ደረደሩ። ኢምፒዳንሱ (በቆዳውና በኤሌክትሮዱ መሐል ያለው የኤሌክትሪክ ተቃውሞ፣ ዝቅ ሲል ነው ጥሩ) ሁሉም ከ5 ኪሎኦም በታች! ሴትዮዋ መርቀዋቸው ሄዱ፤ ምርቃቱን ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ።

ሌላም ጨመርኩ። ሹል ሞገድ (የሚጥል በሽታ ምልክት ሊሆን የሚችል ሾጣጣ መስመር) በአንድ ኤሌክትሮድ ላይ ብቻ ብቅ ሲል «ጎረቤቱስ ሰምቷል?» ይሉኝ ነበር። ከአንጎል የመጣ ከሆነ አጠገቡ ያሉትም ላይ ይታያላ! ካልታየ መጀመሪያ ኤሌክትሮዱን ፈትሽ ማለታቸው ነው። ይቺን የማያውቅ ቴክ ኡበር ነድቶ ልጆቹን የሚያሳድግ ሰው በከንቱ የሚጥል በሽታ አለብህ እንዲባል ሊያደርግ ይችላል። መንጃ ፈቃዱስ?

2. የድጋፍ ደብዳቤ። እዚህ ላይ ነው የተቃጠልኩት። ቅጹ የአለቃ ፊርማ ይላል፤ ወረቀቱን ለቢሮ ሰጠሁ። የቢሮዋ ሴትዮ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «እሷ እኮ ቴክኖሎጂስት ናት እንጂ መምህር አይደለችም» አለችኝ። የዚያን ክፍል ቴክ ሁሉ ማን ነው ያሠለጠነው ታዲያ? ግማሾቻችንን ለኤብሬት (የኢኢጂ ባለሙያዎች የብቃት ማረጋገጫ) ፈተና ያዘጋጁን፣ ከፈረቃቸው በኋላ እየቆዩ፣ ሳይከፈላቸው፣ እሳቸው ናቸው። ለማንኛውም «እናየዋለን» ተባልኩ። በጠየቅኩ ቁጥር «ሒደት ላይ ነው»። ቀኑ ካለፈ በኋላ ወረቀቱ ከነፖስታው ሳይከፈት ተመለሰልኝ። የዚያ ዓመት ሽልማት ለማን እንደሄደ አልነግርሽም፤ ደሜ ይፈላል።

በሚቀጥለው ዓመት ቢሮውን አልለመንኩም። ቅጹን ራሴ አንብቤ የድጋፍ ደብዳቤ ከሐኪምም እንደሚቀበሉ አገኘሁ። ቀረጻዎቻችንን የሚያነቡትን ኒውሮሎጂስት (የአንጎልና የነርቭ ሐኪም) ኮሪደር ላይ ያዝኳቸው። በማግስቱ ጽፈው ሰጡኝ። የማን ቀረጻ ንጹሕ እንደሆነ ከእሳቸው በላይ ማን ያውቃል? ያሠለጠኗቸው ልጆችም እየፈረሙ አጭር አጭር ጻፉ፤ በስተመጨረሻ አስተማሪዬ ተሸለሙ። ያቺ ሴትዮም መጥታ ፎቶ ተነሣች፣ ያውም ከፊት!

3. የሆስፒታሉ ሽልማትና የሙያ ማኅበሩ ሽልማት ለየብቻ ናቸው። በ1959 የተቋቋመው የሙያተኞቹ ማኅበር ኤሴት የራሱ ሽልማቶች አሉት፤ የአንዱን ደብዳቤ ገልብጠሽ ለሌላው አትላኪ፣ የሚጠይቁትን እያየሽ ጻፊ። የመዝጊያውን ቀን ደግሞ ከድረ ገጹ ላይ ራስሽ እዪ፤ የቢሮ ሰው በቃል የነገረሽን አትመኚ።

ረቂቁን ከጻፍሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ አነብልሻለሁ። የማታ ፈረቃ ስለሆንኩ ጠዋት ብቻ እንዳትደውዪ።