ሐዲድ ቢኖር ኖሮ ከጣና ዳር ወደ ደብረ ታቦር የትኛው የእንፋሎት ባቡር ይወጣ ነበር?

ወንድሜ፣ ያነሳኸው ጥያቄ ሁለት ነው። አንደኛው፣ የእንፋሎት ባቡር ወዳጆች በተሰበሰቡ ቁጥር ማላርድ፣ ፍላይንግ ስኮትስማንና ቢግ ቦይ በሚባሉት ሦስት ባቡሮች ላይ ብቻ ለምን ይከራከራሉ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ባሕር ዳር ሐዲድ ባይኖራትም፣ ከጣና ዳር ተነስቶ በወረታ በኩል ደብረ ታቦር የሚወጣ መስመር ቢኖር ኖሮ ከሦስቱ የቱ ይመረጥ ነበር ነው። የመጀመሪያውን ባጭሩ አልፌው ሁለተኛው ላይ እቆያለሁ። እኔ ከሦስቱ አንዱንም አልመርጥም። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ማላርድን ያስጠራው የአንድ ቀን ሥራው ነው። ጁላይ 3 ቀን 1938 እንግሊዝ አገር በሰዓት 126 ማይል፣ ማለትም 203 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጠ፤ በእንፋሎት ባቡር የተመዘገበ ከዚያ የበለጠ ፍጥነት እስካሁን የለም። ጎታች መንኮራኩሮቹ 2.03 ሜትር ቁመት አላቸው፤ ሒሳቡን ብትሠራው በዚያ ፍጥነት በሴኮንድ ዘጠኝ ጊዜ ያህል ይዞራሉ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ክብረ ወሰኑ የተያዘው ቁልቁለት ላይ መሆኑና ወዲያው የመካከለኛው ሲሊንደር የቢየላ (ፒስተኑን ከመንኮራኩሩ የሚያገናኘው ዘንግ) ብሮንዚና ግሎ ባቡሩ ፒተርቦሮ ላይ መቆሙ ነው። የዚህ ምክንያት ዲዛይኑ ውስጥ አለ። ባቡሩ ሦስት ሲሊንደር አለው፤ የመካከለኛው ቫልቭ የራሱ ማንቀሳቀሻ ስለሌለው ከግራና ከቀኙ በማንሻ ተያይዞ ነው የሚሠራው። የማንሻዎቹ ፒኖች ትንሽ ሲበሉ፣ ፍጥነቱም ሲጨምር፣ የመካከለኛው ቫልቭ ከሚገባው በላይ ይከፈታል፤ ያኔ መካከለኛው ፒስተን ከድርሻው በላይ ይሠራል፣ ዕዳውን ብሮንዚናው ይከፍላል። የዚህን ዓይነት ባቡር የሚመረምር ሰው መጀመሪያ የሚነካው እነዚያን ፒኖች ነው።

ፍላይንግ ስኮትስማን የሚወደደው በ1934 በሰዓት 100 ማይል በይፋ የተመዘገበለት ስለሆነ፣ ስሙ ስለሚያምርና ዛሬም ስለሚሄድ ነው፤ በእኔ ሚዛን ከዚያ አያልፍም። ቢግ ቦይ ሌላ ነገር ነው። ከ1941 እስከ 1944 አሜሪካ ውስጥ 25 ተሠሩ፤ ከነቴንደሩ (ውኃና ነዳጅ ጭኖ ከኋላው የሚከተለው ፉርጎ) ከ540 ቶን በላይ ይመዝናል፤ 4014 ቁጥሩ በ2019 ታድሶ፣ ከድንጋይ ከሰል ወደ ዘይት ተቀይሮ፣ እንደገና ሐዲድ ላይ ወጥቷል። ግን ይህ ሁሉ ግዙፍነት የታሰበው 1.14 በመቶ ለሚሆን ዳገት ነው። የኛ ዳገት የዚያን እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው።

እንግዲህ ወደ ሒሳባችን። ከባሕር ዳር እስከ ወረታ 60 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ከባድ ዳገት የለበትም፣ ወደ ወረታ ሲቃረብ የፎገራ ሜዳ ነው። እዚያ የሚያስቸግረው መሬቱ ነው። ጥቁሩ አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ርብና ጉማራ ሲሞሉ ውኃ ይተኛበታል። እንዲህ ያለ መሬት ላይ አንድ አክስል ከ20 ቶን በላይ የሚጭን ባቡር ማስኬድ ሐዲዱን በየዓመቱ እንደገና ማንጠፍ ነው። ማላርድ በአንድ አክስል 22 ቶን ይጭናል፤ እዚሁ ላይ ነው የሚወድቀው።

ከወረታ ደብረ ታቦር በመኪና መንገድ 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታው ከ1,830 ሜትር አካባቢ ተነስቶ 2,700 ይደርሳል። በአማካይ 2.1 በመቶ ነው። ለእያንዳንዱ 1 በመቶ ዳገት አንድ ቶን ክብደት 10 ኪሎ ግራም የመጎተት ኃይል ይጠይቃል። በ2.1 በመቶ 21 ኪሎ ነው፤ ለመንከባለል 5፣ ለጥምዝ 2 ጨምርበትና 28 ኪሎ በቶን ያዝ። ባቡሩ ከነፉርጎው 200 ቶን ከሆነ 5.6 ቶን ኃይል ያስፈልገዋል። ብረት በብረት ላይ፣ ሐዲዱ ደረቅ ሲሆን፣ ጎታች መንኮራኩሮቹ ላይ ካረፈው ክብደት ሩቡን ያህል መጎተት ይቻላል፤ ሐዲዱ ሲርስ ወደ አንድ ሰባተኛ ይወርዳል። ስለዚህ ለበጋ 23 ቶን ይበቃ የነበረው ለሐምሌ ዝናብ 40 ቶን ይሆናል። ልብ በል፣ 40 ቶኑ ጎታች መንኮራኩሮቹ ላይ ማረፍ አለበት፤ የባቡሩ ጠቅላላ ክብደት አይደለም።

ማላርድ ከነቴንደሩ ወደ 170 ቶን ይመዝናል፤ ከዚያ ውስጥ የሚጎትተው 67 ብቻ ነው። ሌላው ራሱ የሚጎተት ጭነት ነው። ከዚህም በላይ ዳገት ላይ ሲጎትት ክብደቱ ወደ ኋላ፣ ነጂው ክፍል ሥር ወዳለው ወደማይጎትተው መንኮራኩር ይሸሻል፤ በዚያ ላይ ጎታች መንኮራኩሮቹ ረጃጅም ናቸው። የዚህ ዓይነት ባቡሮች ሲነሱ የሚንሸራተቱት በዚህ ምክንያት ነው። ሦስቱ ጎታች አክስሎች 4.4 ሜትር ርዝመት ላይ ደረቅ ብለው የተያዙ ስለሆኑም መንገዱ ላይ ባለው አለምሳጋ ደን አካባቢ የሚያስፈልገውን ጥምዝ አይዞሩትም።

ተራራ የሚወጣ ባቡር መታጠፍ አለበት። ለዚህ ሁለት ጥሩ መፍትሔ ተገኝቷል፤ አንዱ ማሌ ይባላል፣ ሌላው ጋራት።

ማሌን ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ከምጽዋ አስመራ ያለው 118 ኪሎ ሜትር መስመር፣ የሐዲዱ ስፋት 95 ሳንቲ ሜትር፣ ዳገቱ እስከ 3.5 በመቶ፣ ከባሕር ወለል ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። እዚያ የሠሩት 442 የሚባሉት ማሌዎች በ1938 ጣሊያን አገር አንሳልዶ የሠራቸው ናቸው። ቴንደር የላቸውም፣ ሥራ ፈት መንኮራኩር የላቸውም፤ ውኃውም ከሰሉም ቦይለሩም በአራቱ ጎታች አክስሎች ላይ ነው የሚያርፈው። የኋላው ጥንድ ከሻሲው ጋር የተበየደ ያህል ነው፤ የፊተኛው ግን ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። እንፋሎቱ መጀመሪያ ከኋላ ባሉት ትንንሽ ሲሊንደሮች በከፍተኛ ግፊት ይሠራል፤ ከዚያ ግፊቱ ቀንሶ ፊት ላሉት ትልልቅ ሲሊንደሮች ይተላለፋል። የሚታጠፈው ቧንቧ ውስጥ የሚያልፈው ግፊቱ የቀነሰው እንፋሎት ስለሆነ መገጣጠሚያው ብዙም አያፈስም።

እኔን የሚገርመኝ መንሸራተትን በራሱ መግታቱ ነው። የኋላው ጥንድ ቢንሸራተት ብዙ እንፋሎት ወደ መካከለኛው ቧንቧ ይገፋል፤ እዚያ ግፊቱ ይጨምርና መልሶ ራሱን ያፍነዋል፣ ይቆማል። የፊተኛው ቢንሸራተት ደግሞ መካከለኛውን ቧንቧ ያራቁተዋል፤ እንፋሎት ያጣና ይቆማል። ነጂው እጁን ሳያነሳ። ቢግ ቦይ እንዲህ አይደለም፤ አራቱም ሲሊንደሮቹ ከቦይለሩ በቀጥታ ስለሚቀበሉ አንዱ ጥንድ መሽከርከር ከጀመረ ነጂው ካልዘጋው አያቆምም። የ442 ድክመት መነሻ ላይ ነው። ትልልቆቹ ሲሊንደሮች መጀመሪያ ላይ እንፋሎት ስለማይደርሳቸው በመነሻ ቫልቭ ከቦይለሩ ትንሽ በቀጥታ ይሰጣቸዋል፤ ነጂው ቶሎ መዝጋት ከረሳ ከሰልም ውኃም በከንቱ ያልቃል።

ሆኖም ለጣና ዳር የምመርጠው ጋራትን ነው። በጋራት ቦይለሩ መሐል ላይ ብቻውን ይንጠለጠላል፤ ከፊትና ከኋላ ሁለት ሞተሮች አሉት፣ የውኃ ታንክ አንዱ ላይ፣ ነዳጅ ሌላው ላይ ነው። ከቦይለሩ ሥር መንኮራኩር ስለሌለ እንደልብ ሊወፍር፣ የእሳት ምድጃውም ሊጠልቅ ይችላል። ኬንያ ውስጥ በ1955 እና 1956 የመጡት፣ ክፍል 59 የሚባሉት 34 ጋራቶች የአንድ ሜትር ሐዲድ ላይ እየሄዱ 2.29 ሜትር ስፋት ያለው ቦይለር ይዘው ነበር፤ 252 ቶን ይመዝናሉ፣ ከሞምባሳ ናይሮቢ 1,200 ቶን ይጎትቱ ነበር። አንዱ፣ 5918 ቁጥሩ፣ ዛሬም ናይሮቢ የባቡር ሙዚየም ቆሞ ይታያል። ለኛ ግን ያ ይበዛል። ልኩ ደቡብ አፍሪካ የሠራችበት ኤንጂጂ16 ነው፦ የ61 ሳንቲ ሜትር ሐዲድ፣ 62 ቶን ክብደት፣ ስድስት ጎታች አክስሎች። ከ1937 እስከ 1968 ድረስ ሲመረት ኖሯል፤ ዛሬ ዌልስ ውስጥ 2.5 በመቶ ዳገት ላይ ቱሪስት ይጭናል። ዳገቱ ከኛው ጋር ይመጣጠናል፣ አክስሉም ለፎገራ አፈር ቀላል ነው፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም እኩል ስለሚሄድ ደብረ ታቦር ላይ ማዞሪያ መሥራት አያስፈልግም። ጉድለቱ፣ ታንኩ እየጎደለ ሲሄድ መንኮራኩሮቹ ላይ ያለው ክብደትም ይቀንሳል፤ ስለዚህ በክረምት ታንኩን ከግማሽ በታች ሳታወርድ ትሞላለህ። አሸዋ ከሁለቱም ሞተር ፊት መርጨት አለብህ። የጉማራ አሸዋ ይሆናል፣ ግን ተነፍቶ፣ በእሳት ደርቆ፤ እርጥብ አሸዋ ቧንቧውን ይደፍናል፣ የሚደፍነውም ልክ በሚያስፈልግህ ሰዓት ነው።

(በነገራችን ላይ፣ በዚህ በአፍሪካ ቀንድ የመጀመሪያው የእንፋሎት ባቡር የመጣው ለደብረ ታቦሩ ንጉሥ ነው። እንግሊዞች አፄ ቴዎድሮስን ሊወጉ በ1867 እና 1868 ሲመጡ ከዙላ ወደብ ወደ ውስጥ 20 ኪሎ ሜትር የማይሞላ ሐዲድ ዘርግተው ከሕንድ ባመጡት ባቡር ስንቅ አመላለሱ። ንጉሡ በበኩላቸው ጋፋት ላይ ያስፈሰሱትን ሴባስቶፖልን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ነበር።)

ውኃውስ? በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢወጣ ዳገቱ ሁለት ሰዓት ከምናምን ይፈጃል፣ 410 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይጠይቃል። ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 13 ኪሎ እንፋሎት ብትይዝ ወደ 11 ሺህ ሊትር ውኃ ያስወጣል። ስለዚህ ወረታ ላይ ሞልተህ ትነሳለህ፣ አጋማሽ ላይ ደግሞ አንድ የውኃ ማማ ታቆማለህ።

የጣና ውኃ ኖራና ጨው ስለማይበዛበት ለቦይለር መጥፎ አይደለም፤ ቱቦ ላይ የሚጋገረው ድንጋይ ትንሽ ነው። ጠላቱ ደለል ነው። የባቡር ቦይለር የፋብሪካ ቦይለር አይደለም፤ ምድጃውን የከበበው ውኃ ስፋቱ ከ7 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ደለሉ እዚያ ታች ይተኛል፣ ውኃው ብረቱን መንካት ያቆማል፣ ብረቱ ይግላል፣ የምድጃውን ግድግዳዎች የሚያያይዙት ቡሎኖች ማፍሰስ ይጀምራሉ። ስለዚህ ውኃው ቀድሞ በማጥለያ ገንዳ ያድራል። ደለሉን አሰባስቦ የሚያስተኛ አልም ይጨመርበታል፤ ልኩ እንደ ድፍርሱ በሊትር ከ20 እስከ 50 ሚሊ ግራም ሊሆን ስለሚችል በብርጭቆ ሞክረህ ወስን። አልም ውኃውን ወደ አሲድ ስለሚያደላው ቦይለሩ ውስጥ ያለውን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) በኮስቲክ ሶዳ ከ10.5 እስከ 11.5 መልሰህ ታስቀምጠዋለህ። ከሐይቁ የሚስበው ፓምፕ አፍ ላይ ድርብ ወንፊት ይኑር፤ እምቦጭ ምን እንደሚያደርግ የጣና ጀልባ ነጂ ሁሉ ያውቀዋል።

ውኃው ከቆሸሸ ቦይለሩ አረፋ ያነሳና ውኃ ከእንፋሎቱ ጋር ወደ ሲሊንደር ይሻገራል። ውኃ አይጨመቅም፤ የሲሊንደሩን ክዳን ይሰብራል ወይም ቢየላውን ያጣምማል። ምልክቱ ድምፁ መታፈኑና ከጭስ ማውጫው ነጭ እርጥብ ነገር መርጨቱ ነው። ያኔ እንፋሎቱን ቀስ ብለህ ቀንስ፣ የሲሊንደሮቹን ማፍሰሻ ክፈት፣ ከቦይለሩ ሥር ትንሽ አፍስስ።

ባሕር ዳር ፋብሪካ ቦይለር ላይ የሠራችሁ ይህን ሁሉ ታውቁት ይሆናል። የማታውቁት የቦይለር ማዘንበል ነው። በ2.1 በመቶ ዳገት አራት ሜትር ርዝመት ያለው ቦይለር ጫፍና ጫፉ ላይ የ8 ሳንቲ ሜትር የውኃ ልዩነት አለው፤ በአስመራው 3.5 በመቶ 14 ይሆናል። ጭስ ማውጫው ወደ ዳገቱ ካየ ውኃው ወደ ምድጃው ይሸሻል፤ ምድጃው ጣሪያ ላይ ውኃ ይተኛል፣ ደህና ነው። አደጋው ጫፍ ላይ ደርሶ ወደ ቁልቁለት ሲያዘነብል ነው፤ መስታወቱ ላይ ግማሽ ሲያሳይ የነበረው ውኃ በቅጽበት ወደ ፊት ይሄድና የምድጃው ጣሪያ ራቁቱን ይቀራል። ጣሪያው ላይ ያለው የእርሳስ ቡሽ በ327 ዲግሪ ቀልጦ እንፋሎቱን እሳቱ ላይ ይለቅቃል፤ ያ የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ነው። ስለዚህ ሲወጣም ሲወርድም ጭስ ማውጫው ወደ ደብረ ታቦር ይይ፤ ሲወርድ በኋላው ይውረድ። ከጫፉ በፊት ውኃው ይሞላ። በእንፋሎት ኃይል ውኃ ወደ ቦይለሩ የሚገፋ ሁለት ኢንጀክተር ይኑር፣ ታንኩም ከእሳቱ ይራቅ፤ ውኃው ከ40 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ኢንጀክተር እምቢ ይላል።

ነዳጅ ላይ፣ ለአንድ መውጣት 1.7 ቶን ገደማ የድንጋይ ከሰል ወይም የዚያን እጥፍ ደረቅ ባሕር ዛፍ ያስፈልጋል። ባሕር ዛፍ በእጃችን አለ፣ ግን ፍንጣሪ ይተፋል፣ መስመሩ ደግሞ የሚያልፈው በአለምሳጋ ደን ነው። ፍንጣሪ መያዣ ወንፊት ጭስ ማውጫው ውስጥ ብታስገባ የእሳቱን ትንፋሽ ይቆርጠዋል፤ እንፋሎቱ ዳገት ላይ ያንሳል። እኔ ብሆን እንደ ኬንያዎቹ ከባድ ዘይት አነዳለሁ፤ የምድጃውን ታች በእሳት ጡብ አስለብሼ። ዘይት ቱቦዎቹ ውስጥ ጥቀርሻ ስለሚያስቀር ባቡሩ በሙሉ ኃይል ሲጎትት በምድጃው በር አንድ አካፋ ደረቅ አሸዋ ይሰጠዋል፤ ትንፋሹ ስቦት ቱቦዎቹን ፍቆ ይወጣል። ጥቁር ጭስ ስለሆነ ግን ወረታ ከተማ ውስጥ እንዳታደርገው፤ ሰው ልብስ አስጥቷል።