የሚለበስ ካሜራ በድሬና በሐረር፦ ጥያቄና መልስ

ደረት ላይ ስለሚታሰር ካሜራ፣ ስለ ካሜራ መነጽርና ስለ ባጃጅ ካሜራ ከሁለቱ ከተሞች የመጡ ጥያቄዎች ናቸው። ተደጋጋሚዎቹን አንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ።

የድሬው ሰፈር ከዚራ ላይ ካሜራ ደረቴ ላይ አስሬ እየተንሸራሸርኩ ብቀርጽ ጥፋት ነው?

በደፈናው አይደለም። መቅረጽንና ማሳየትን ለይተህ እይ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የከለከለው የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ አደባባይ ማውጣትን፣ ማባዛትንና ለሽያጭ ማቅረብን ነው። ቪዲዮው ሚሞሪህ ላይ እስካለ ድረስ ነገሩ በአብዛኛው የጨዋነት ጉዳይ ነው፤ ቲክቶክ ላይ ስትጭነው ግን የሕግ ጉዳይ ይሆናል። «በአብዛኛው» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትንና መኖሪያ ቤትን ይጠብቃል። የግቢ በር ገርበብ ብሎ ስላገኘኸው ወደ ውስጥ መቅረጽ መንገድ ላይ መቅረጽ አይባልም።

አደባባይ ላይ የሆነ ነገር ስለሆነ ፈቃድ አያስፈልግም የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው። አንቀጽ 28 ፈቃድ የማይጠየቅባቸውን ይዘረዝራል፦ ሰውየው ታዋቂ ወይም ባለሥልጣን ሲሆን፣ ለፍትሕ ወይም ለፖሊስ ሥራ ሲያስፈልግ፣ ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት ሲጠቅም፣ እንዲሁም ምስሉ በአደባባይ ከተደረገ ነገር ጋር ሲያያዝ። ብዙ ሰው የመጨረሻዋን መዝዞ «መንገድ ላይ የወጣ ሁሉ የኔ ነው» ይላል። እኔ እንደዚያ አላነበውም፤ ምስሉ ስለ ክንውኑ መሆን አለበት። ሐረር ላይ ሸዋሊድ ሲከበር ጎዳናውን የሞላውን ሕዝብ ብታሳይ በዓሉን አሳየህ። ከዚያው ሕዝብ መሃል አንዲት ሴት ላይ አጉልተህ፣ ከሥር የፌዝ ጽሑፍ ጨምረህ ብትለቅ ግን ያሳየኸው እሷን ነው፤ በዓሉ ሰበብ ብቻ ሆነ።

ሌላ አገርም ክርክሩ ይኸው ነው። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ እንግሊዛዊ መንገድ ላይ በደኅንነት ካሜራ የተቀረጸው ምስሉ ለመገናኛ ብዙኃን በመሰጠቱ የግል ሕይወቱ ተጥሷል ብሎ ፈርዷል። የተቀረጸው አውራ ጎዳና ላይ ነበር። ፍርዱ እኛን አያስገድድም፣ አስተሳሰቡ ግን ይጠቅማል፦ አላፊ አግዳሚ ቢያየኝ የምጠብቀው ነው፣ አገር ሁሉ ደጋግሞ እንዲያየኝ ግን አልወጣሁም።

ካሜራ ያለው መነጽር ያደረገ ሰው እየቀረጸኝ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በብዛት የሚታየው ሬይባን ሜታ ነው። ፊት ለፊት ስታየው በአንዱ የላይ ማዕዘን የካሜራው ሌንስ፣ በሌላው ደግሞ ትንሽ ነጭ መብራት አለች። ፎቶ ሲያነሳ ብልጭ ትላለች፣ ቪዲዮ ሲቀርጽ እስኪያበቃ ትሠራለች። ከመቅረጹ በፊት በፕላስተር ከተሸፈነች መነጽሩ አልቀርጽም ይላል። ይሁን እንጂ በእሷ ብቻ አትተማመን፤ በድሬ የቀትር ፀሐይ ከሦስት ሜትር ርቀት እንኳ ላትታይህ ትችላለች፣ ዕቃውን ከፍተው የሚያሰናክሏትም አሉ። ከመብራቷ ይልቅ እጁን ተመልከት፦ የመቅረጫው ቁልፍ በቀኙ ዘንግ ላይኛ ጠርዝ ላይ ስለሆነ ጣቱ ወደ ቀኝ ጆሮው አካባቢ ደጋግማ ትሄዳለች። በድምፅም ማዘዝ ይችላል።

ስም የሌላቸው ርካሽ የካሜራ መነጽሮች ግን ብዙዎቹ ጭራሽ መብራት የላቸውም። ምልክታቸው የወፈረ ዘንግና መሃል አፍንጫ ላይ ወይም ጥግ ላይ ያለች የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነጥብ ናት። ከተጠራጠርክ በቀጥታ ጠይቅ፤ «ወንድም፣ እየቀረጽክ ነው?» መባል ማንንም አያስቀይምም።

ሠርግ ላይ የሴቶች ክፍል ውስጥ ሂጃባችንን አውልቀን ነው የምንጫወተው። ስልኩን እንሰበስባለን፤ መነጽሩንስ ምን እናድርገው?

እህቴ፣ ከሁሉም ጥያቄ ይህ ይከብዳል፤ እዚያ ክፍል የወጣ ቪዲዮ ተመልሶ አይሰበሰብም። ስልክ በር ላይ ቁጥር በተጻፈበት ፖስታ ይቀመጥ፤ ያንኑ ቁጥር ለባለቤቷ በወረቀት ስጡ፣ አለዚያ ሲወጡ ግርግር ይሆናል። መነጽሩ የፀሐይ ከሆነ አብሮ ፖስታ ይግባ። ችግሩ የዓይን መነጽር ሲሆን ነው፤ ያለ እሱ የማታይን ሴት አውልቂ ማለት አይቻልም። ያኔ ሌንሱ ላይ፣ ልብ በሉ መብራቷ ላይ ሳይሆን ሌንሱ ላይ፣ ጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር ይለጠፍ። ነጩ ወረቀት ፕላስተር ብርሃን ያሳልፋል። «አጥፍቼዋለሁ» የሚለው ቃል አይበቃም፤ መጥፋቱን ከውጭ ማረጋገጥ አስቸጋሪ ነው፣ ፕላስተሩን ግን ሁሉም ያየዋል።

የሠርጉ ቪዲዮ ባለሙያም አይረሳ። የሴቶች ክፍል የሚቀረጸው በሴት ባለሙያ ከሆነ ሚሞሪው ለብቻ ይሁን፣ በዚያው ሌሊት ለቤተሰቡ ይሰጥ፤ ቅጂ ስቱዲዮ እንዳይቀር በውሉ ይጻፍ።

ፎቶ ቤቱ የሠርጌን ፎቶ አስፍቶ መስኮቱ ላይ ሰቅሎታል። ከፍሎኝም አያውቅ፣ ጠይቆኝም አያውቅ።

የአንቀጽ 27 ዋና ምሳሌ ይኸው ነው። እንዲያወርድ በጽሑፍ ጠይቅ፣ ቀን ጻፍበት፣ ቅጂ ያዝ። አንቀጽ 29 ፍርድ ቤቱ ያተረፈውን ያህል ካሣ ሊያስከፍለው እንደሚችል ይላል፤ የሞራል ካሣው ደግሞ ተጠይቆ ወዲያው አለማቆሙ ላይ ይንጠለጠላል። ለዚህ ነው ቀን የተጻፈበት ወረቀት ዋጋ ያለው።

ባጃጄ ላይ ካሜራ ልገጥም ነው። ምን ዓይነት?

አቦ፣ መጀመሪያ ሙቀቱን አስብ። ውስጡ ሊቲየም ባትሪ ያለው ካሜራ ፀሐይ ላይ በቆመ ባጃጅ መስታወት ላይ ያብጣል፤ በባትሪው ፈንታ ካፓሲተር የሚባል ሙቀት የሚችል ማጠራቀሚያ ያለውን ግዛ። 12 ቮልቱን ወደ 5 የሚቀንስ መለወጫ ከፊውዝ ጋር፣ ከቁልፉ በኋላ ካለው መስመር ይቀጠል፤ በቀጥታ ከባትሪ ካሰርከው ጠዋት አይነሳልህም። በሴኮንድ 15 ሜጋቢት የሚጽፍ ካሜራ 64 ጊጋ ሚሞሪ ላይ 9 ሰዓት ገደማ ይይዛል፣ ከዚያ አሮጌውን እየደመሰሰ ይቀጥላል። ሚሞሪው ለማያቋርጥ ቀረጻ የተሠራ ይሁን፤ ተራው ቶሎ ይሞታል፣ የሚሞተውም ሳይነግርህ ነው። በወር አንዴ እዚያው ካሜራው ላይ ፎርማት አድርገው።

ሰው የሚቸገርበት ግን ንዝረት የሚለካው ጂ ሴንሰር ነው። መንገዱ ኮብልስቶንና ጉድጓድ ስለሆነ እያንዳንዱን መንገጫገጭ አደጋ ብሎ ፋይሉን ይቆልፋል፤ የተቆለፈ አይደመሰስም፣ ሚሞሪው ይሞላል፣ ግጭቱ በደረሰ ቀን ምንም አታገኝም። ዝቅተኛው ላይ አድርገው። አደጋ ከደረሰ ካሜራውን አጥፍተህ ሚሞሪውን አውጣ፤ እየሠራ ከተውከው ማስረጃው በራሱ ላይ ይጻፍበታል። ለትራፊክ ፖሊስ መስጠት አንቀጽ 28 የፈቀደው ነው። የተሳፋሪን ጠብ ቆርጦ ፌስቡክ ላይ መልቀቅ ግን ሌላ ነው።

ሌንሱ ወደ ተሳፋሪ የሚዞር ከሆነ ወንበሩ ፊት ለፊት «ካሜራ አለ» የሚል ጽሑፍ በአማርኛና በኦሮምኛ ለጥፍ፣ ድምፁን አጥፋ። ሰው ባጃጅ ውስጥ ስልክ ሲያወራ ብዙ ነገር ያወራል።

ጀጎል ውስጥ ቱሪስት አስጎበኛለሁ። መነጽርና ጎፕሮ አድርገው ይመጣሉ።

ሲነሱ ተናገር፣ መሃል መንገድ ላይ አይሆንም። መተላለፊያዎቹ ጠባብ ናቸው፤ የጎፕሮ ሰፊ ሌንስ ደረት ላይ ሲታሰር ከፍታው የሕፃናት ፊት ነው፣ ግራና ቀኝ ያለውን ክፍት በርም አብሮ ይወስዳል። የሌንስ ምርጫውን ጠበብ ባለው «ሊኒየር» ላይ አድርገው ትንሽ ወደ ላይ ያቅኑት። አዋች (የቅዱሳን መካነ መቃብር) ሲገቡ ጠባቂውን ሙሪድ ሳይጠይቁ አይሆንም። መኪና ግርግር ላይ ያሉት ልብስ ሰፊዎች ብዙ ጊዜ እሺ ይላሉ፣ ገበያተኛዋ ግን ልብስ ልታሰፋ እንጂ ልትቀረጽ አልመጣችም። የጅብ ማብላቱ ትርኢት ነው፤ እሱ በክፍያ ስምምነት ያልቃል።

ፊት ማደብዘዝ እንዴት ነው?

ዩቲዩብ ስቱዲዮ ኤዲተር ውስጥ «ብለር» የሚል አለ፣ ፊቶቹን ራሱ ያገኛል። ዳቪንቺ ሪዞልቭ በነጻው ስሪትም ይሠራል፦ ከለር ገጽ ላይ ክብ መስኮት አድርግ፣ በትራከር አስከትል፣ ብለሩን ጨምር። የሚበላሸው ሰውየው ሲዞር ወይም ከባጃጅ ጀርባ ገብቶ ሲወጣ ነው፤ ትራከሩ ይጥለዋል፣ ፊቱ ለግማሽ ሴኮንድ ይታያል። ያቺ ግማሽ ሴኮንድ ስክሪንሻት ትሆናለች። ስለዚህ ፍሬም በፍሬም እይ። ለስለስ ያለ ብዥታ አይበቃም፤ ባይሆን ድፍን ጥቁር አድርገው። ታርጋንና ድምፅን አትርሳ፤ ሐረር ሰው በአረማመዱ ይታወቃል። ጎፕሮ 13 ደግሞ የቦታ መረጃ ይመዘግባል፤ ጂፒኤሱን ከመቅረጽህ በፊት አጥፋ።

ቪዲዮዬ ወጥቷል። ምን ላድርግ?

ከመናደድህ በፊት አስቀምጥ፦ ሊንኩን፣ የለቀቀውን አካውንት ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን የሚያሳይ ስክሪንሻት። አስተያየት ከጻፍክ በኋላ ሊሰርዘው ይችላል። ከዚያ እንዲያወርድ በጽሑፍ ጠይቀው። እምቢ ካለ ለመድረኩ አመልክት፤ ዩቲዩብ የተቀረጸው ሰው ራሱ የሚሞላው የግላዊነት ቅሬታ አለው፣ ለጫነው ሰው 48 ሰዓት ይሰጣል። ማስፈራሪያ ወይም ስም ማጥፋት ካለበት የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ፣ ወደ ፖሊስ ሂድ። የለቀቀው ድርጅት ከሆነ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

መነጽሩ ፊቴን አይቶ ስሜን ያውቃል የሚባለውስ?

መነጽሩ ብቻውን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 ሁለት የሃርቫርድ ተማሪዎች ከሜታ መነጽር የሚወጣውን ቪዲዮ ከፊት መፈለጊያ ድረ ገጽ ጋር አያይዘው የማያውቁትን ሰው ስም ማውጣት እንደሚቻል አሳይተዋል። መፈለጊያው የሚያገኝህ ፊትህ ኢንተርኔት ላይ ካለ ነው። የፌስቡክ ፎቶህን ለጓደኛ ብቻ ማድረግ ሙሉ መከላከያ ባይሆንም ይቀንሰዋል።

ድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ስገባ ካሜራው ደረቴ ላይ ቢሆን?

አውልቀህ ቦርሳ ውስጥ ክተተው። ሲጠይቁህ «ጠፍቶ ነበር» ማለት አያዋጣም።