ግድግዳው ሳይዘጋ ግቢበት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። አንዲት ኢንቴሪየር ዲዛይነር ቦሌ አካባቢ ለሚሠራ ሆቴል ሎቢ ሦስት ትልልቅ ሥዕሎች እንድትሠሪላት ጠይቃሻለች። የሶፋውን ጨርቅ ቁራጭ ልካልሽ «ከዚህ ጋር የሚሄድ ይሁን» ብላሻለች። ልቀበል ወይ? ስንት ልጠይቅ? ሥዕሌስ የዕቃ ማሟያ ሆኖ አይቀርም ወይ? ነው ያልሽው። ከዲዛይነሮች ጋር ለዓመታት ስሠራ ስለኖርኩ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ተቀበዪ። ግን ዛሬውኑ ደውለሽ ሕንፃው የት እንደደረሰ ጠይቂያት። ከቀለሙም ከዋጋውም በፊት የሚመጣው ይሄ ነው። ኮርኒሱ ሳይዘጋ፣ የመብራት ገመዱ ሳይቀበር ከደረስሽ ከእሷ ጋር አብረሽ ትሠሪያለሽ። ሶፋው ገብቶ መጋረጃው ከተሰቀለ ግን የተጠራሽው የተረፈ ቦታ እንድትሞዪ ነው። ያኔም ሥራው ሥራ ነው፤ አንቺ የምትወስኚው ነገር ግን በጣም ያንሳል። በጀቱም እንደዚያው ነው። ሥዕል ከመጀመሪያው ቢኦኪው (የሥራና የዕቃ ዝርዝሩ ከነዋጋው) ውስጥ በራሱ መስመር ካልገባ፣ እብነ በረዱና የቤት ዕቃው በልተውት መጨረሻ ላይ «የቀረችው ይቺ ናት» ትባያለሽ።

ሠዓሊና አርክቴክት አብረው ሲሠሩ ምን እንደሚመጣ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አፍሪካ አዳራሽን አስቢ። ሕንፃውን የነደፈው ጣሊያናዊው አርቱሮ መዜዲሚ ነው፤ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። መግቢያው ላይ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት 150 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ቤቱ ካለቀ በኋላ መጥቶ የተሰቀለ አይደለም። ግድግዳው ራሱ እሱ ነው፤ ብርሃኑም የሚገባው በእሱ በኩል ነው። አዳራሹ ታድሶ በጥቅምት 2017 ዳግም ሲከፈትም መስታወቱ እዚያው ቦታው ላይ ነው። የአንቺ ሎቢ የዚያን ያህል ላይሆን ይችላል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነው።

ሳይት ስትሄጂ ሜትር፣ ማስኪንግ ቴፕና ጋዜጣ ያዢ። ጋዜጣውን ቀጣጥለሽ በሥዕሉ ልክ ግድግዳው ላይ ለጥፊው። ከዚያ በሩ ጋ ቁሚና እዪው። ቤትሽ ውስጥ ግዙፍ የሚመስልሽ አንድ ሜትር ተኩል ሸራ፣ አምስት ሜትር ከፍታ ባለው ሎቢ ውስጥ ቴምብር ነው የሚመስለው። ከሶፋ በላይ የሚሰቀል ከሆነ ስፋቱ የሶፋውን ሁለት ሦስተኛ ያህል ቢሆን ጥሩ ነው። መሃሉ ደግሞ ከወለሉ አንድ ሜትር ከሃምሳ አካባቢ ቢውል ለቆመ ሰው ዓይን ይመቻል። የበሩንና የአሳንሰሩን ልክ መለካት እንዳትረሺ። ሁለት በሦስት ሜትር የሆነ ሸራ በአሳንሰር አይገባም። ወይ ለሁለት ከፍለሽ ትሠሪዋለሽ፣ ወይ ቀለሙ ወደ ውጭ ሆኖ ተጠቅልሎ ይሄድና እዚያው ይወጠራል።

ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ በፊሸር ይይዛል፤ ችግር የለውም። ጂፕሰም ቦርድ ከሆነ ግን ቦርዱ ከመዘጋቱ በፊት ከኋላው ክብደቱን የሚሸከም ኮምፔንሳቶ (የተጣበቀ እንጨት) እንዲገባ ጠይቂ። ለዲዛይነሯ ይሄ በፕላኗ ላይ አንድ መስመር መጨመር ነው። ከተዘጋ በኋላ ግን ከባድ ሥዕል ጂፕሰም ላይ መስቀል ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳ ነገር ነው።

አሁን ወደ መብራቱ ልምጣ። ከሁሉ ይልቅ የምጨነቅለት እሱ ነው። እኔ የምጠቀማቸውን ቀለሞች ትንሽ ሰሌዳ ላይ ቀብቼ ሳይት ይዤ እሄዳለሁ። አንዴ ጠዋት፣ አንዴ ከመሸ በኋላ መብራቱ በርቶ አያቸዋለሁ። ለአንድ ሬስቶራንት ስሠራ ስቱዲዮ ውስጥ መስኮት አጠገብ የወደድኩት ሰማያዊ፣ በዚያ ቢጫ ባለው ኤልኢዲ ሥር አመድ ሆኖ አረፈው። ከዲዛይነሯ ጋር አብረን ቆመን አየነው። እኔ ሰማያዊውን አደመቅኩት፤ እሷ ደግሞ ከሥዕሉ በላይ ያሉትን አምፖሎች ብቻ ሲአርአይ የሚባለው ቁጥራቸው (ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳዩ የሚለካው) ከ90 በላይ በሆኑ አስቀየረች። ሥዕሉ ላይ የሚያበራውን ስፖት መብራትም ወደ 30 ዲግሪ ያህል አዘነበለችው፤ ያኔ ነጸብራቁ ጠፋ። ሁለታችንም ለየብቻችን ብንሠራ ይሄን አናገኘውም ነበር። እንዲህ ዓይነት ዲዛይነር ካገኘሽ አጥብቀሽ ያዣት።

የሶፋውን ጨርቅ ነገር ደግሞ አትቆጪበት። ዲዛይነሯ ቦታው እንዳይረበሽባት ነው የፈራችው፤ እሱ ሥራዋ ነው። ግን ሁሉንም ቀለም ከጨርቁ ከወሰድሽ፣ ሶፋው በተቀየረ ቀን ሥዕሉም አብሮ ይወጣል። ይሄን በግልጽ ንገሪያት፤ ይገባታል። እኔ ከቦታው አንድ ቀለም ብቻ ወስጄ ሌላውን ከራሴ አመጣለሁ። ከጨርቁ ይልቅ ሌላ ሌላውን ጠይቂያት። እዚያ የሚቀመጠው ማነው? ስንት ሰዓት ይቆያል? ሎቢ ውስጥ ሰው ሻንጣ እየጎተተ ያልፋል፣ ክሊኒክ ውስጥ ደግሞ ተጨንቆ አንድ ሰዓት ይቀመጣል። ለሁለቱ የሚሆነው ሥዕል አንድ አይደለም።

ጊዜው አጭር ከሆነ አክሪሊክ ይሻልሻል። የዘይት ቀለም ወፈር ካለ ቫርኒሽ እስኪቀባ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ መጠበቅ አለብሽ፤ ሳይት ላይ ደግሞ ሴራሚክ እየተቆረጠ አቧራው በእርጥብ ቀለም ላይ ይጋገራል። ሎቢው ውስጥ የቡና ሥነ ሥርዓት ቦታ ካለም የት እንደሆነ እወቂ። ዕጣኑና የከሰሉ ጭስ በየቀኑ ከሥዕሉ ሥር ከወጣ ከዓመት በኋላ ነጩ ነጭ አይሆንም። በተቻለ መጠን አራርቂያቸው፤ ካልሆነ ቫርኒሽ የግድ ነው።

ወደ ገንዘቡ። ካሬ ሜትር ላይ ተመሥርተሽ ማስላት ትችያለሽ፤ ዲዛይነሮች እንደዚያ ሲሆን ይቀላቸዋል። ፍሬሙን፣ ማጓጓዣውንና መስቀያውን ግን ለይተሽ ጻፊ። ፖንቴ (ከፍ ያለ ቦታ መወጣጫ) የሚያስፈልግ ከሆነ ማን እንደሚያመጣው ይታወቅ። የዲዛይነሯ ድርሻ ስንት በመቶ እንደሆነ ከመጀመሪያው ተነጋገሩ። ድርሻ መጠየቋ ነውር አይደለም፤ ሥራውን ያመጣችው እሷ ናት። ነውሩ አንቺ አንድ ዋጋ ብለሽ ደንበኛው ሌላ ዋጋ ሲሰማ ነው። ሦስታችሁም የምታውቁት አንድ ወረቀት ይኑር። እኔ ግማሹን በቀብድ፣ ሠላሳ በመቶውን ስቱዲዮ መጥተው ሲያዩ፣ ቀሪውን ሲሰቀል እቀበላለሁ። ዋጋሽም የሚጸናበት ቀን ይኑረው፤ ለእኔ 30 ቀን ነው። ከሐምሌ 2016ቱ የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ ከውጭ የሚመጣ ቀለም ነገ ስንት እንደሚሆን የሚያውቅ የለም። ቀብዱ እንደገባ ቀለሙን በሙሉ ግዢ።

ንድፍ ስታሳዪም ሁለት ወይም ሦስት አድርጊውና ከተመረጠው በኋላ ስንት ጊዜ ማስተካከያ እንደምትቀበዪ ጻፊ። እኔ አንዴ ብቻ ነው የምቀበለው።

የቅጂ መብቱንም ውሉ ውስጥ አስገቢ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥዕልን ይጠብቃል፤ በትዕዛዝ የተሠራ ሲሆን ግን የማባዛት መብቱ የማን እንደሆነ ካልተጻፈ ጭቅጭቅ ያመጣል። ሆቴሉ ሥዕልሽን ሜኑ ላይ፣ ካላንደር ላይ ወይም ሌላ ቅርንጫፉ ግድግዳ ላይ ማተም ከፈለገ ለብቻው ይክፈል። ስምሽ፣ የሥዕሉ ርዕስና ዓመተ ምህረቱ ያለበት ትንሽ ጽሑፍ ከጎኑ እንዲለጠፍም ጠይቂ። ፎቶ ሲነሳ የአንቺም የእሷም ስም አብሮ ይውጣ፤ ቀጣዩ ደንበኛ የሚመጣው ከዚያ ፎቶ ነው።

የግድግዳውን ኤሌቬሽን (ከፊት ለፊት የሚያሳየውን ንድፍ) ከላከችልሽ እዚህ ለጥፊው፤ መጠኑን አብረን እናየዋለን።