ለስፌት ልምምድ የበግ አንጀት፦ ፎርማሊን ወይስ ፍሪዘር?

እህቴ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ ቤቱ ስለሚዘጋ የበግ አንጀትና እግር ፎርማሊን (ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚያደርግ ኬሚካል) ውስጥ አስቀምጠሽ የቀዶ ሕክምና ስፌት መለማመድ ይቻል እንደሆነ ጠይቀሻል። ለስፌት ፎርማሊን ይቅርብሽ። ፕሮቲኑን እርስ በርሱ አያይዞ ያደነድነዋል፤ መርፌው ይታጠፋል። የከፋው ግን ክሩን ከልክ በላይ ብታጠብቂው እንኳ አንጀቱ አይቀደድም፤ በሽተኛ ላይ የሚቀደደውን አስተሳሰር እንደ ትክክል ትለምጂዋለሽ። ትነቱም ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ካንሰርም ያመጣል፤ ሰው የሚተኛበት ክፍል ውስጥ ጨርሶ አይቀመጥም።

ፍሪዘር ይሻላል። ከቅበላ በፊት በግ ሲታረድ ቀጭን አንጀቱን ከነሜዘንተሪው (አንጀቱን ከሆድ ጀርባ ግድግዳ ጋር ከሚያያይዘው ስስ ሽፋን ጋር) ቆርጠው እንዲሰጡሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ መዝዘው ካወጡት ሜዘንተሪው ተገንጥሎ ይቀራል። ፈርሱን ጨምቀሽ አውጪና ውስጡን በሲሪንጅ በቀዝቃዛ ውኃ እጠቢው። ሙቅ ውኃ ያበስለዋል። ገልብጠሽ አትፋቂው፣ የውስጠኛው ሽፋን ይላጣል። 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ እየቆረጥሽ፣ በ1 ሊትር ውኃ 9 ግራም ጨው በተበጠበጠበት በራሰ ጎዝ ጠቅልለሽ፣ እያንዳንዱን ለብቻው ፌስታል ውስጥ አየሩን አስወጥተሽ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ አስቀምጪው። የሌሊቱን ብርድ አምነሽ ውጭ አታሳድሪው፤ ቀን ፀሐይ ሲወጣ ይበላሻል። ከልምምዱ በፊት ማታ ወደ ፍሪጅ አውርጂና ቀስ ብሎ ይሟሟ። መብራት ጠፍቶ ከቀለጠ ዳግመኛ አይቀዘቅዝም፤ የዚያኑ ቀን ስፊው ወይም ጣዪው።

በረዶ ሴሎቹን ስለሚሰባብር የቀለጠ አንጀት ሙኮሳው (የውስጠኛው ሽፋን) ይላላል፣ ወደ ውጭም ይወጣል። ከእሱ ሥር ያለው፣ ክሩን የሚይዘው ሳብሙኮሳ ግን ብዙም ስለማይጎዳ ስፌቱ ይጸናል። 4-0 ቫይክሪል (ሰውነት ውስጥ የሚሟሟ ክር፤ 4-0 የክሩ ውፍረት ቁጥር ነው) ከክብ መርፌ ጋር ተጠቀሚ፤ ስለታም መርፌ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ጊዜው ያለፈበት ክር ለልምምድ ይበቃል። ሁለት የተቆረጡ ጫፎችን ለማገናኘት መጀመሪያ በሜዘንተሪው በኩልና በተቃራኒው አንዳንድ መያዣ ክር አስገቢ፣ ከዚያ ከጠርዙ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር፣ በመካከላቸውም ያንኑ ያህል እየተውሽ ስፊ። ስትጨርሺ አንዱን ጫፍ ቆንጥጠሽ በሌላው በኩል ጂቪ (ወይን ጠጁን የቁስል ቀለም) ጠብ ያደረግሽበትን ውኃ በ20 ሚሊ ሲሪንጅ ግፊ። ብዙ ጊዜ የሚያንጠባጥበው በሜዘንተሪው ጥግ ነው፤ ስቡ ጠርዙን ስለሚሸፍነው መርፌው ሳብሙኮሳውን ይስተዋል።

ለቆዳ እግሩ ይበቃል፣ ሳይለበለብ ከሆነ ብቻ። እሳት የነካው ቆዳ በስሏል። ጸጉሩን በምላጭ ላጪው፣ በ3-0 ናይሎን ስፊ። ቆዳው አጥንቱ ላይ ስለተወጠረ ጠርዝ ማገናኘት ያስቸግራል፣ ያ ጥቅም ነው፤ ከሥሩ ያሉትን ጅማቶችም ቆርጠሽ መጠገን ትችያለሽ። ደም መቆጣጠርን ግን ከሞተ ሥጋ አትማሪውም።

ፍሪዘር ከሌለ አንጀቱን በብዙ ጨው ቀብረሽ ማቆየት ይቻላል። ከመስፋትሽ በፊት ውኃ እየቀያየርሽ ለሰዓታት ንከሪው። ጠንከር ስለሚል ቋጠሮ ለመለማመድ እንጂ ኃይል ለመመጠን አይሆንም።

ሞቶ የተገኘ ወይም ታሞ የታረደ በግ አትንኪ፣ አባሰንጋ ሊሆን ይችላል። ጓንት ልበሺ፣ መሣሪያውም በሽተኛ ላይ ከሚውለው ይለይ። ትራፊውን ለውሻ አትጣዪ፤ በተለይ ከጉበትና ከሳንባ ጋር የመጣ ውኃ የቋጠረ እጢ ካለ የትል ቋት ሊሆን ስለሚችል፣ በውሻው በኩል ወደ ሰው ይመለሳል። አቃጥዪው፣ ካልሆነም ውሻ በማይቆፍርበት ጥልቀት ቅበሪው።